የሳተው ምት እና «ቀንተው ነው» የሚለው መልስ

አዲስ አበባ ውስጥ «ተሳስተሃል» ለሚል ሰው አንድ የተዘጋጀ መልስ አለ፤ «ቀንተው ነው»። ዘፋኙ ድምፁ ሻከረ ሲባል ቀንተው ነው። ፊልሙ ተንዛዛ ሲባል ቀንተው ነው። መንገዱ ክረምት ሳይወጣ ተቦረቦረ ሲባል ደግሞ መልሱ ከፍ ይላል፤ «የሀገር ዕድገት የማይዋጥላቸው ናቸው»። ይህ መልስ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ለማየት ምክር ቤት ወይም ወረዳ ጽሕፈት ቤት ድረስ መሄድ አያስፈልግም። አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ይበቃል።

«ወቅታዊ ጉዳይ የሚነበብበት ቻናል ላይ ጌም ምን አመጣው?» የሚል አንባቢ ትንሽ ይታገስ። በፖለቲካ ተቺና ተተቺ ማን ትክክል እንደነበረ እስኪለይ አሥር ዓመት ይፈጃል፤ ያኔም ሁለቱም «እኔ ብዬ ነበር» ይላሉ። በሪትም ጌም ግን ትችቱ ትክክል መሆኑና አለመሆኑ በሺህኛ ሰከንድ ይለካል። መለኪያው ፊት ለፊት ቆሞ እያለ «ቀንተው ነው» የሚል ሰው ካለ፣ መለኪያ በሌለበት ጉዳይ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም።

ሪትም ጌም ማለት ቀላል ነገር ነው። ዘፈን ይከፈታል፣ ስክሪኑ ላይ ክብ ወይም ቀስት ይመጣል፣ ተጫዋቹ ከምቱ ጋር እኩል ይነካዋል። የጃፓኑ ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ1998 በእግር የሚረገጠውን ዳንስ ዳንስ ሪቮሉሽን አወጣ፤ በ2005 ጊታር ሂሮ፣ በ2018 ቢት ሴበር ተከተሉ። እዚህ የሚፈለገው ግን አውስትራሊያዊው ዲን ኸርበርት በ2007 ለሕዝብ የለቀቀው ኦሱ ነው። ኦሱ ላይ ሌቭሉን የሚሠራው ኩባንያ ሳይሆን ተጫዋቹ ራሱ ነው። አንዱ የሚወደውን ዘፈን ይመርጣል፣ እያንዳንዱ ምት የት እንደሚወድቅ ይለካል፣ ክቦቹን አንድ በአንድ ይደረድራል፣ «ማፕ» ብሎ ለሌሎች ይሰጣል። ከዚያ ሌሎች ይጫወቱታል፤ ይተቹታልም።

ትችቱ ደግሞ እንደ ቡና ወሬ አይደለም። ማፑ «ራንክድ» የሚባለውን ማዕረግ እንዲያገኝ ከተፈለገ በአደባባይ መታየት አለበት። የተሾሙ ሁለት መራጮች «ይለፍ» ማለት አለባቸው። ካለፈም በኋላ ለሳምንት ያህል ተሰቅሎ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ማንም ስሕተት ቢያገኝበት ወደ ኋላ ይመለሳል። አስተያየት ሰጪው «ደስ አላለኝም» ብሎ አይሄድም፤ የሳተውን ቦታ በደቂቃ፣ በሰከንድና በሚሊ ሰከንድ ይጽፋል።

እንግዲህ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ይታሰብ። ለምሳሌ ያህል ነው፤ ስሙ ማንም ሊሆን ይችላል። በአባቱ የካሴት ዘመን የተወደደ፣ ትከሻ የሚያስነሳ የችክችካ ዘፈን መርጧል። ከትምህርት ቤት መልስ፣ ባቡሩ በመስኮቱ ሥር እየተንጓጓ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሠርቷል። ከዚያ ጃካርታ ወይም ዋርሶ ካለ ሰው የመጀመሪያው አስተያየት ይመጣል፤ «00:45:320፣ ክብ 1፣ 2፣ 3፤ ከምቱ ወጥተዋል።»

ልጁ ምን ይመልሳል? «የኢትዮጵያን ሙዚቃ ስለማታውቀው ነው።» ጓደኞቹ ከሥር ይደርሳሉ፤ «ዝም በላቸው፣ ቀንተው ነው፣ በርታ የኛ ልጅ»። አንዱ ባንዲራ ይሰቅላል። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት የሳቱ ክቦች የሉዓላዊነት ጉዳይ ሆኑ።

አሁን ወደ መለኪያው። ችክችካ ሙዚቀኞች በ6/8 የሚጽፉት ምት ነው፤ እያንዳንዱ ትልቅ ምት በውስጡ ሦስት ትንንሽ ምቶችን ይዟል። የማፕ መሥሪያው ግን ብዙ ጊዜ ሥራ የሚጀምረው አንዱን ምት በአራት እኩል ከፍሎ ነው፤ የዓለም ፖፕ በአብዛኛው እንደዚያ ስለሚቆጠር። ዘፈኑ በደቂቃ 100 ትልልቅ ምት ቢኖረው አንዱ ምት 600 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። በሦስት ሲከፈል ትንንሾቹ ምቶች 200 እና 400 ላይ ይወድቃሉ። በአራት ሲከፈል ደግሞ 150፣ 300 እና 450 ላይ። ልጁ ክፍፍሉን ሳይቀይር ቅርብ ያለውን መስመር ከተጠቀመ እያንዳንዱ ትንሽ ክብ በ50 ሚሊ ሰከንድ ይስታል። ኦሱ ላይ በመካከለኛ ጥብቀት ሙሉ ነጥብ የሚሰጠው ከምቱ ወዲህና ወዲያ 50 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ለነካ ነው፤ ጥብቀቱ 8 ሲሆን ወደ 32 ይወርዳል። ስለዚህ ዘፈኑን በትክክል የሰማ፣ ትከሻው በትክክል የተነቀነቀ ተጫዋች ነጥብ ያጣል። ዘፈኑን ያልሰማውና ክቡን ብቻ የተከተለው ያሸንፋል።

ይህ ከሆነ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ያላወቀው ማን ነው? ጃካርታ ያለው ሰው ችክችካ የሚለውን ቃል በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅ ይሆናል። ጆሮው ግን ሦስቱን ቆጥሯል። የሀገሩን ዘፈን በባዕድ ፍርግርግ ውስጥ ጨምድዶ ያስገባው የልደታው ልጅ ነው፤ ከዚያም ባንዲራ የሰቀለው እሱ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነው። የጥንቱ ቅጂ፣ ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር «እሬ መላ መላ»ን በሠራበት ዘመን የነበረው፣ ሙዚቀኞች አንድ ላይ ተቀምጠው እርስ በርስ እየተያዩ የተጫወቱት ነው። ኮምፒውተር ምት አልቆጠረላቸውም። ከበሮ መቺው አዝማቹ ላይ ሲሞቀው ትንሽ ይፈጥናል፣ ዘፋኙ ሲያንጎራጉር ትንሽ ይጠብቀዋል። የዘፈኑ ሕይወት እዚያ ላይ ነው። ማፕ ሠሪው ግን መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ለክቶ «120» ብሎ ከጻፈና ዘፈኑ በሥራው መሐል 121 ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ምት ከ4 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይከማቻል። አሥራ ሁለተኛው ምት ላይ ልዩነቱ 50 ገደማ ደርሷል፤ ይኸውም ስድስት ሰከንድ ብቻ ነው። ግማሽ ደቂቃ ላይ ሩብ ሰከንድ፣ ማለትም ግማሽ ምት ሙሉ፣ ተዛብቷል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ፍጥነቱ በተለወጠበት ቦታ ሁሉ አዲስ መለኪያ ማስገባት። ኦሱ ላይ ይህ «ቀይ መስመር» ይባላል (ይህኛው ቀይ መስመር ማንንም አያሳስርም)። አድካሚ ነው። አንድ የአራት ደቂቃ ዘፈን ብዙ ደርዘን ቀይ መስመር ሊፈልግ ይችላል። ያንን ድካም ሳይደክሙ ውጤቱን ለዓለም መስቀል የራስ ሳይጠና ጉተና ነው።

«እንግዲህ የኛ ሙዚቃ ስሜት ነው፣ በሚሊ ሰከንድ አይለካም» የሚሉ አይጠፉም። እነዚህ ሰዎች ከዚያው ከኮንዶሚኒየሙ ወርደው ግንቦት 1 ቀን ንጋት ላይ ልደታ ማርያም ቢገቡ ጥሩ ነበር። በማኅሌቱ ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው አብረው ይሄዳሉ፤ ዝማሜው በዝግታ፣ መረግዱ ከፍ ብሎ፣ ጽፋቱ ፈጥኖ። ቀኝና ግራ የቆሙት ሊቃውንት አንዱ ሌላውን እየሰማ ነው የሚሄደው። ከበሮ የያዘው ዲያቆን ጥቂት ቢቀድም ወይም ቢዘገይ የመሪጌታው ዓይን ይደርስበታል። «ስሜቴ ነው» ብሎ የሚያመልጥ የለም። አቋቋም ለመማር ዓመታት የሚፈጀውም ለዚሁ ነው።

የዜማው ምልክትም እንዲሁ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክቶችን ለድጓው ሥርዓት ያስያዙት ዜማው እንዳይፋለስ፣ የሳተ እንዲታረም ነው። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት የሚባሉት ምልክቶች «እዚህ ቦታ ላይ እንዲህ ይባል» የሚሉ ናቸው። ጃካርታ ያለው ሰው «00:45:320» ብሎ ሲጽፍ የሚያደርገው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ቅኔ ቤትም የተለየ አይደለም። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል፤ ቤቱ ካልመታ አልመታም፣ ምሥጢሩ ካልገጠመ አልገጠመም ይለዋል። ተማሪው በማግስቱ ይመለሳል። መምህሩ ቀንቶ ነው ያለ ተማሪ ቅኔ አይቀኝም።

እንግዲያው በእርማት የተሠራ ሕዝብ እርማትን እንዴት እንዲህ ፈራ? መልሱ ከጨዋታው ውጭ ነው፤ ከጌም ቤትም ይልቅ ከመሥሪያ ቤት ይቀርባል። ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ ሀገሬው «ሂስና ግለ ሂስ» የሚባል ነገር ተማረ። በትግሉ ሜዳ «ግምገማ» ሆነ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ ገባ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ «ጥልቅ ተሃድሶ» ተብሎ ተመለሰ። በዚያ ስብሰባ የሚገመገመው ሥራው ሳይሆን ሰውየው ነበር። «ሪፖርቱ ገጽ 4 ላይ ቁጥሩ አይገጥምም» የሚል የለም፤ «ጓዱ የአመለካከት ችግር አለበት» የሚል ግን ሞልቷል። ተገምጋሚው የሚታረም ነገር አይሰጠውም፤ የሚጎነበስበት ወለል ነው የሚሰጠው። ከዚያ ስብሰባ የወጣ ወላጅ ልጁን ምን እንደሚያስተምረው ግልጽ ነው፤ ስሕተትህን ያነሳ ሰው ሊጥልህ ነው፣ ቀድመህ ጣለው።

ኦሱ ላይ የተጻፈው አስተያየት የዚህ ተቃራኒ ነው። ሦስት ክቦችን ይጠቅሳል። የልጁን ስም፣ ሀገር፣ አመለካከት አያነሳም። ክቦቹ ሲስተካከሉ ጉዳዩ «ተፈትቷል» ተብሎ ይዘጋል፤ በመዝገብ ይዞ የሚጠብቅ የለም። ይህን ከግምገማ ጋር አምታቶ የሚቆጣ ወጣት ጥፋቱ የራሱ ብቻ አይደለም፤ ግን እሱ ካላስተካከለው ማንም አያስተካክልለትም።

ይህ ሲባል የመጣ አስተያየት ሁሉ ይዋጥ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ሌላው ጎራ ይሳሳታል፤ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ብሎ የተባለውን ሁሉ የሚቀይረው። ያው ጃካርታ ያለው ሰው ቀጥሎ «ሦስት ሦስቱን ትታችሁ በአራት ብታደርጉት ለተጫዋች ይቀላል» ቢል መልሱ አጭርና ቁርጥ ያለ መሆን አለበት፤ አይሆንም። ዘፈኑ ሦስት ነው። በአራት ከተደረገ ችክችካ መሆኑ ይቀራል፤ ሌላ ዘፈን ይሆናል። የመጀመሪያው አስተያየት ስሕተት አሳይቷል፤ ሁለተኛው መድኃኒት አዝዟል። ሕመሙን የሚያውቀው በሽተኛው ነው፤ መድኃኒቱን ግን በሽተኛው አይጽፍም።

ይህ ልዩነት በተግባር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። ሦስት ተጫዋቾች አንድ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ አንድ ደቂቃ ከሃያ ላይ፣ ይወድቃሉ። አንዱ «ክቦቹ በዙ፣ ቀንሱ» ይላል። ሌላው «ፈጠነ» ይላል። ሦስተኛው «ቦታውን ቀይሩ፣ እጅ አይደርስም» ይላል። ሦስቱ መድኃኒቶች እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ሁሉንም የተቀበለ ሠሪ ማፑን ያበላሻል፤ ሁሉንም የናቀም እንዲሁ። ሦስቱም የወደቁበት ቦታ ግን አንድ ነው። እዚያ ቦታ ላይ አንድ ነገር አለ። ምናልባት ችግሩ አንድ ደቂቃ ከሃያ ላይ እንኳ ላይሆን ይችላል፤ አንድ ደቂቃ ከአሥር ላይ የተደረደሩት ክቦች ተጫዋቹን የተሳሳተ ነገር አስለምደውት ይሆናል። ይህንን ማግኘት የሠሪው ሥራ ነው። አስተያየት ሰጪው ይህንን አላገኘም ተብሎ አስተያየቱ አይጣልም።

ከ«ቀንተው ነው» የባሰ ጠላት ግን አለ፤ «በርታ»። ከሥር ተሰልፈው «ይመችህ»፣ «አንደኛ»፣ «ምርጥ ሥራ» የሚሉት ወዳጆች ማፑን እስከ መጨረሻው ተጫውተውት ይሆን? ቢጫወቱት ኖሮ 45ኛው ሰከንድ ላይ ጣታቸው ይደናቀፍ ነበር። ተደናቅፎም ከሆነ ዝም ማለታቸው ልጁን ጃካርታ ላለ ሰው እርማት አሳልፎ መስጠት ነው፤ እነሱ በጓዳ ሊነግሩት የሚችሉትን ዓለም በአደባባይ ነገረው። ምስጋና መጥፎ ነው የሚል የለም። ኦሱ ራሱ ምስጋናን ለብቻው፣ ችግርንና ሐሳብን ለብቻ አስቀምጦታል፤ ችግር ተብሎ የተነሳው ሳይመለስ ማፑ አይመረጥም። ምስጋና ምንም ያህል ቢከመር ያልተመለሰን አንድ ችግር አይሸፍንም። ይህ አንድ ሕግ ስንቱን የምረቃ ሥነ ሥርዓት ባዶ ያደርገው ነበር።

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለው ተረትም በዚህ ክርክር መሐል ይወረወራል፤ «እስቲ አንተ ሥራው» ለማለት። ተረቱ እውነት ነው፤ ለከበሮ መቺው ክብር ይሰጣል። ግን መቺው ከምት ሲወጣ ለመስማት ከበሮ መያዝ አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል። ቅዳሜ ለሰርግ የመጣ ዘመድ ሁሉ፣ አንድ ቀን ከበሮ ነክቶ የማያውቀው እንኳ፣ ምቱ ሲዛባ እስክስታው ይቆምበታል። ያ የቆመ ትከሻ አስተያየት ነው። ተረቱን የአድማጭ አፍ መዝጊያ ያደረጉት ሰዎች ጭብጨባ ሲመጣ «ከበሮ ያልያዘ አያጨብጭብ» ብለው አያውቁም።

ልደታ ደግሞ አስተያየት ተጠይቆ የማያውቅ ሰፈር አይደለም። አሮጌው መንደር ፈርሶ ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ፣ ባቡሩ ሲያልፍበት፣ ነዋሪው ስብሰባ ተጠርቷል፣ እጁን አውጥቷል፣ «ገንቢ አስተያየት ተሰጥቷል» ተብሏል። ከዚያስ? በየጽሕፈት ቤቱ በር ላይ የተንጠለጠለው የአስተያየት መስጫ ሣጥን ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅ ባለጉዳይ ካለ እሱ ዕድለኛ ነው። በሣጥኑና በኦሱ መሐል ያለው ልዩነት የሥልጣኔ አይደለም። ኦሱ ላይ እያንዳንዱ አስተያየት ሥር መልስ ይጻፋል፤ ተቀበልኩ ወይም አልተቀበልኩም፣ ለምን። መልስ የሌለው ሣጥን አስተያየት ሰጪውንም አበላሽቶታል፤ የሚሰማው እንደሌለ ስላወቀ ልኩን ትቶ ይጮኻል ወይም ይሳደባል፤ የተሰደበው ሹም ደግሞ «አያችሁ፣ ቀንተው ነው» ይላል።

ወደ አራተኛው ፎቅ ልጅ መልስ እንመለስ ከተባለ፣ የሚያስፈልገው ሁለት መስመር ነው። ለመጀመሪያው አስተያየት፤ «ልክ ነው፣ በአራት ተከፍሎ ነበር፣ ሁሉም ወደ ሦስት ተቀይሯል፤ ከ00:45 እስከ 02:10 አሥራ አንድ ቀይ መስመር ተጨምሯል፣ እባክህ እንደገና ተጫወተው።» ለሁለተኛው፤ «ይህ አይቀየርም፤ ዘፈኑ 6/8 ነው። በ75 በመቶ ፍጥነት ከፍተህ የከበሮውን ድምፅ ብቻ ስማ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይላል። ካልሰማኸው 01:02 ላይ ማሲንቆው ብቻውን የቀረበትን ቦታ ስማ።»